እንጃ ያልኩት ክብ

አባቶቻችን ካህናት፣ ከከተማውም ከጉና ተራራ ሥርም በዚህ ጭቃ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዕድራችን ሰዎች፣ መምህራን ባልደረቦቼ። ዝናቡ ሳይበረታ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። ባዩ እባላለሁ። ከጌጡ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል። እሱ ታሪክ፣ እኔ ሒሳብ።

የሕይወት ታሪኩ ተነብቧል። መቼ እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ተማረ፣ ስንት ልጅ እንዳፈራ። ሁሉም ትክክል ነው። ግን በሐምሌ ጭቃ ጉና ላይ ምን ሊሠራ እንደ ወጣ አልተነበበም። ያንን የማውቀው እኔ ነኝ። ባላውቀው እመርጥ ነበር።

ጌጡን የት እናስታውሰው? እኔ በመምህራን ማረፊያው መስኮት ሥር አስታውሰዋለሁ። ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ያችን የተሰነጠቀች ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ይቆማል። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ የተመለሰ ዕለት ሁላችንም ዘመድ ፍለጋ ደወልን። እሱ ወደ ጥንት ሙታን ሮጠ። የባሕር ማዶ ሙዚየሞች የዕቃዎቻቸውን ፎቶ በኢንተርኔት ያወጣሉ። ሸክላውን፣ መቃብሩን፣ የፈረሰውን ከተማ አንድ በአንድ ያያል።

«ጋሼ ጌጡ፣ ዛሬስ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዱ?» ትለዋለች መምህርት ዘነበች።

«ሁለት ሺህ ብቻ። ባትሪ አለቀብኝ።»

ዘነበች፣ አታልቅሺ። እሱም አብሮሽ ስቋል።

አንድ ጊዜ ከአንዱ ሙዚየም አንድ የሸክላ ዕቃ አገኘ። ከሥሩ «ለአምልኮ ሥርዓት የሚያገለግል» ተብሎ ተጽፏል። ጌጡ ምን አደረገ? ስልኩን ይዞ እናቱ ዘንድ ሄደ። እማማ ሙሉእመቤት፣ እዚህ አሉ፤ ያስታውሱታል። ስልኩን ራቅ አድርገው አዩና፣ «አንገቱ ሥር ያለችውን ቀዳዳ አታያትም? ቅቤው መውጣቱ የሚታወቀው በሷ ነው። መናጫ ነው እንጂ የምን አምልኮ አመጣህ!» አሉት። ለሙዚየሙ ጻፈላቸው። «እናቴ መናጫ ነው ብላለች» ብሎ። እናመሰግናለን የሚል አንድ መስመር መለሱለት። ጽሑፉን ግን አላረሙትም።

ለተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚለው ይህንን ነበር፦ የሚያውቅ ሰው ሳለ አትገምቱ። ጠይቁ።

እኔንም ጠየቀኝ።

በሰኔ ነው። ፈተና እያረምን። ስልኩን ወረቀቶቼ ላይ አስቀመጠው። ከሳተላይት የተነሣ የጉና ትከሻ ፎቶ ነው። ቡናማ መሬት። መሐሉ ላይ አንድ ክብ፤ በድንጋይ የተከበበ፣ ባንድ በኩል ክፍት።

«ባዩ፣ አንተ የዚያ አገር ልጅ ነህ። ምንድነው ይኼ?»

«እንጃ» አልኩት።

«መቃብር ይሆን? የጥንት ቤተ መቅደስ?»

«እንጃ።»

«ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። ልጻፍላቸውና መጥተው ይቆፍሩት?»

«እንጃ፣ ጌጡ።»

አባቶች፣ አውቀው ነበር። በመጀመሪያው እይታ አውቄዋለሁ። አውድማ ነው። የአባቴ አውድማ። ክፍት የሆነው ወገን ነፋሱ ገለባውን የሚወስድበት ነው። እዚያ ላይ ልጅ ሆኜ በሬ ነድቻለሁ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የሚወቃ እህል ጠፋ። እናቴ እኛን ይዛ ለእርዳታ ወደ እብናት ወረደች። አባቴ «ቤት ባዶ አይተውም» ብሎ ቀረ። ስንመለስ አልነበረም። ማን ቀበረው? የት? የሚጠየቅ ጎረቤት እንኳ አልቀረም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ በሕመም ሞተ እላለሁ። አርባ ዓመት እንዲህ ብያለሁ። ጌጡ «ይቆፍሩት» ሲለኝ ምን እንደሚያገኙ ፈራሁ። ለአጥንቱ ቁጥር ሰጥተው ፎቶ እንዳያነሡት ፈራሁ። አንድ ቀን በዚያ መስኮት ሥር አባቴን በስልክ እንዳላየው ፈራሁ።

ስለዚህ እንጃ አልኩ። ሦስት ጊዜ።

ባለፈው ሐሙስ ጌጡ ብቻውን ወጣ። የጉናው ገበሬ ደምሴ፣ እዚህ ከኋላ ቆሞ አለ፣ መንገድ ላይ አግኝቶት ነበር። «ጌታው፣ ጉና በሐምሌ ከቀትር በኋላ አይወጣም። ጉሙ ዓይን ያወጣል» አለው። «አንድ ነገር አይቼ ቶሎ እመለሳለሁ» አለ ጌጡ። ጉሙ ወረደ። በረዶው ተከተለ። በማግሥቱ ጠዋት ገደሉ ሥር ያገኘው ደምሴ ነው። ከክቡ መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ነበር የተንሸራተተው። አላየውም።

ኪሱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ማስታወሻ ተገኘ። ባለቤቱ ሶስና ዛሬ ጠዋት ሰጠችኝ። «ላንተ የተጻፈ ነው መሰለኝ» አለችኝ። የመጨረሻውን ገጽ አነበዋለሁ።

«አውድማ ይመስለኛል። ባዩ ሦስት ጊዜ እንጃ አለ። ባዩ እንጃ የሚል ሰው አይደለም። የሚያመው ነገር አለ። ለዩኒቨርሲቲው አልጽፍም። ብቻዬን ሄጄ ልይ። አውድማ ከሆነ ሁለተኛ አላነሣበትም።»

እኔን ላለመጠየቅ ነው የወጣው። ሰምታችኋል? እኔን ሁለተኛ ላለመጠየቅ።

አንዲት ቃል ነበረች። ያቺን ቃል ብናገር ኖሮ ዛሬ ቤቱ ይሆን ነበር። እማማ ሙሉእመቤት፣ እርስዎ መናጫውን መናጫ ነው ብለውታል። እኔ አውድማውን አውድማ ነው ማለት አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ገና ነው። ሶስና፣ አንቺንም አሁን አልጠይቅሽም። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ብቻ ነው የተናገርኩት።

ክረምቱ ሲወጣ ደምሴ ይመራኛል። ያቺን መቶ እርምጃ እኔ እሄዳታለሁ። ምን እንደማገኝ እንጃ። ይህ እንጃ ግን እውነተኛ ነው።

ጌጡ።

ያ ክብ ምንድነው ብለኸኝ ነበር። አውድማ ነው። የአባቴ የይሻው አውድማ ነው። ገብስ ይወቃበት ነበር።

ዘገየሁብህ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።