ከመጋዘኑ ጥግ የተጠረገ ማሽላ

የቃል ሰጪ ስም፦ ወይዘሮ ውብነሽ ተክለወልድ
ዕድሜ፦ 41
አድራሻ፦ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር
ሥራ፦ እንቁላል ሻጭ
ቀን፦ ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
በአማርኛ የጻፈው፦ የፖሊስ አስተርጓሚ አምባው ወልደየሱስ

ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝ፣ በራሴ እግር መጥቼ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው በግቢዬ ዶሮ እያረባሁ እንቁላሉን ለፈረንጆች ቤት በመሸጥ ነው። ዘንድሮ ማሽላ ስለተወደደብኝ ከወደቡ አጠገብ ካለ የእህል መጋዘን ጥራጊ እየወሰድኩ አበላቸው ነበር። የመጋዘኑ ዘበኛ አቶ በዕውቀቱ ያገሬ ሰው ስለሆነ በነፃ ይሰጠኝ ነበር።

ሐሙስ ታኅሣሥ 9 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስደርስ አቶ በዕውቀቱ «የበሩን ጥራጊ ውሰጂ፤ የጥጉን ግን እንዳትነኪ፣ የአይጥ መርዝ አለበት» ብሎ አስጠንቅቆኛል። የበሩ ሦስት ጣሳ እንኳ አይሞላም ነበር። እሱ ለጋሪ በር ሊከፍት ዞር ሲል የጥጉንም ጠርጌ በጆንያዬ ጨመርኩ። ደጋግሜ ካነፈስኩት መርዙ የሚወጣ መስሎኝ ነው። ቤቴ ሳነፍስ ጎረቤቴ ጀዋሪያ ለዶሮዎቿ ጥቂት ጠየቀችኝ። ሁለት ጣሳ ሰጠኋት። ስለ መርዙ ግን አልነገርኳትም።

ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለዶሮዎቼ በተንኩላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ክንፋቸውን ጥለው ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ አምስቱ ዓይኔ እያየ ሞቱ። ያን ጊዜ ጀዋሪያ ትዝ አለችኝና ነጠላዬን ሳላነሳ ሮጥኩ። ስደርስ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ገንፎ ትበላ ነበር። ማሽላው ንጹሕ ሆኖ ስላገኘችው ለራሷ ፈጭታው ኖሯል።

«ስንት ጎረስሽ?» አልኳት።

«ሦስት፣ አራት። ምነው፣ ምን ሆነሻል?»

ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትቼ አስመለስኳት። ወዲያው ሆዷን ይዛ ወደቀች። በጋሪ ሆስፒታል አደረስኳት። ሐኪሙ እህሉ ከየት እንደመጣ ሲጠይቀኝ «ከመጋዘን» ብቻ አልኩት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ በዕውቀቱ የተመረዘ እህል ሰጥተሃል ተብሎ ታሰረ።

ቅዳሜ ባለቤቱ አዳነች ደጄ ድረስ መጥታ «እትዬ፣ ምን አድርጎ ነው የያዙት? አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም» ስትለኝ «አላውቅም» አልኳት። ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር እኔን ሊይዙኝ የመጡ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር።

እሑድ ጀዋሪያን ልጠይቅ ሄድኩ። ሐኪሙ ትድናለች ብሏል። እጄን ይዛ «ዶሮዎችሽስ ተረፉልሽ?» አለችኝ። እጄን አስለቅቄ ወጣሁ።

አቶ በዕውቀቱ ጥፋት የለበትም። ይህ ቃል ሊያሳስረኝ እንደሚችል ተነግሮኛል፤ ገብቶኛል። የዓርብ እንቁላል ሳይሸጥ በቅርጫት ቤቴ አለ፤ ማንም ሳይበላው እንዲቀበርልኝ እለምናለሁ።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጬ፣ አንዳች ሳልደብቅ እውነቱን መናገሬን በጣቴ አሻራ አጽንቻለሁ።

የውብነሽ ተክለወልድ አሻራ
የአስተርጓሚው አምባው ወልደየሱስ ፊርማ

ማስታወሻ፦ ዘበኛው በዕውቀቱ በዛሬው ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተለቋል። ቃል ሰጪዋ እስከ ውሳኔ ድረስ በእስር እንድትቆይ ታዟል።