በሰሙነ ሕማማት የጠጡት ወተት

ወገኖቼ፣ ለቅሶው አድክሟችኋል፤ እኔም ደክሞኛል። ቢሆንም እኅቴ ሲስተር ካሳነሽ ይታያል አፈር ሳይለብሱ ሕይወታቸውን ላንብብላችሁና ጥቂት ታገሡኝ።

ሲስተር ካሳነሽ ከአባታቸው ከአቶ ይታያል ሻረውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጤናዬ ድረስ በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. አምባራስ ተወለዱ። ዳባት ዘመድ ቤት ተቀምጠው ተምረው፣ ጎንደር በነርስነት ተመርቀው፣ ደባርቅ ተመድበው ዕድሜያቸውን በዚሁ ጨረሱ። ከመምህር ማዕረግ ውዱ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሕሊናንና የሺዋስን ወልደዋል።

መምህር ማዕረግ ካንሰር ይዟቸው መድኃኒት እየወሰዱ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ፣ ሰውነታቸው መድኃኒቱን መሸከም አቅቶት ሕክምናው ተቋርጦ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሲስተር ካሳነሽ የካንሰር ሕሙማንን ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ለማቅለሽለሹ ዝንጅብል በትንሽ በትንሹ፣ ለሆድ ድርቀቱ ተልባ፣ ለአፍ ቁስሉ ለብ ያለ የጨው ውኃ እያሉ ይመክሩ ነበር። ሆዴን ላጽዳ ብሎ ኮሶ የሚጠጣውን ይቆጡ ነበር እንጂ ጠበል የሚሄደውን አልከለከሉም።

ያቃታቸው ጾሙ ነው። ሕሙማኑ ምክሩን ሁሉ ሰምተው፣ በጾም ብሉ ሲባሉ ግን እምቢ ይላሉ። ስለዚህ እኅቴ የንስሐ አባቶችን ደጅ ጠኑ፤ ከእነርሱም ቄስ ታደለ ሕሙማኑ በጾም እንዲበሉ ፈቀዱ። የጎረቤት ዓይን ግን አልፈቀደም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሕመሙ ወደ ራሳቸው መጣ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም ሽረው የማያውቁት እኅቴ፣ በሰሙነ ሕማማት ሕዝቡ ከስግደት ሲወጣ፣ ከቅጽሩ ውጭ ከሕሙማኑ ጋር ተቀምጠው፣ ቄስ ታደለ አጠገባቸው ቆመው፣ የፈላ ወተት ጠጡ። እያለቀሱ ነው የጠጡት። ከእርሳቸው ቀጥለው ከሕሙማኑ አንዷ ወይዘሮ የሺወርቅ ጠጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ያን ሰሞን ከተማው ምን ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ፤ እዚህ ከቆማችሁት መካከል ያማችኋቸው አላችሁ። እርሳቸው አልተቀየሟችሁም። እኔ ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ለቂሙም አቅም የለኝም።

ሕመሙ ተሽሏቸው ከርሞ፣ ዘንድሮ አገርሽቶባቸው ትናንት አረፉ። ከልጆቻቸውና ከእኔ ከታናሽ ወንድማቸው ከላቀው ሌላ፣ መድኃኒታቸውን ጨርሰው ዛሬ ከአስከሬኑ አጠገብ የቆሙትን ወይዘሮ የሺወርቅን ትተዋል። ለደከመ ሁሉ ማረፊያ የሆነ አምላክ፣ በዕድሜያቸው ያላገኙትን ዕረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን፤ አሜን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዛሬም ጾም ነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ለሕሙማን ወተት ተፈልቶ ይጠብቃል፤ ያዘዙት እርሳቸው ናቸው። የታመማችሁ ጠጡ፤ ጤነኞቹ ደግሞ፣ ስለ እኅቴ ብላችሁ፣ አትዩዋቸው።