ሠላሳ አራቱን ዲስክ የወሰድኩት እኔ ነኝ

የተጠርጣሪ ቃል

ቃል ሰጪ፦ ሴት፣ ዕድሜ 27፣ ያላገባች
ሥራ፦ የክሊኒክ ላቦራቶሪ ባለሙያ
የትምህርት ደረጃ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ
አድራሻ፦ ከድሮው ሲኒማ ቤት ጀርባ፣ ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእናቷ ጋር
የተጠረጠረችበት ጉዳይ፦ የድርጅት ንብረት መውሰድ፣ ማስፈራራት፣ ሥራ ማወክ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን፣ ከቀኑ 8፡15 ጀምሮ፣ ምርመራ ክፍል ቁጥር 3

ዝም የማለት መብት እንዳለኝ ተነግሮኛል። ዝም ማለት ስለማልፈልግ ቃሌን በፈቃዴ እሰጣለሁ።

ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ ፊልም በኢንተርኔት ከሚያሳየው ድርጅት ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ አንድ ካርቶን አንስቻለሁ። በካርቶኑ ውስጥ ሠላሳ አራት ዲቪዲዎች ነበሩ። ሳልጠይቅ ነው ያነሳሁት የተባለው ሐሰት ነው። ጠይቄያለሁ፤ ተከልክያለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንስቻለሁ።

የዲስኮቹን ምንነት ተጠይቄ ስመልስ፦ እናቴ ፊልም ተርጓሚና ተራኪ ነበረች። የውጭ ፊልም እየተረጎመች የሁሉንም ሰው ድምፅ ብቻዋን ታወጣ ነበር፤ ሙሽራዋንም፣ ሽፍታውንም፣ ጥርስ የሌለውን ሽማግሌም። ሰፈሩ “ባለ አሥር ድምጿ” ይላታል። ስቱዲዮ አልነበራትም። የምትቀዳው ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ፣ በካፖርትና በብርድ ልብስ መሃል ተንበርክካ ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ያደግነው በጣት ጫፍ እየሄድን፣ በር ያንኳኳውን ሁሉ “ሽሽ!” እያልን ነው። በዚህ ዓይነት ሠላሳ አራት ፊልሞች ሠርታ በዲስክ ወጥተዋል። ያሳተማቸው ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሱቁ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ዋናው ቅጂ የነበረበት ሃርድ ዲስክ ከተቃጠለ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የቀሩት ቤታችን መደርደሪያ ላይ የነበሩት እነዚህ ብቻ ናቸው።

ከዓመት ከአራት ወር በፊት በሕመም ምክንያት የእናቴ ማንቁርት በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። አትናገርም። አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ደብተር ትጽፋለች።

ዲስኮቹ እንዴት ከድርጅቱ እጅ እንደገቡ ተጠይቄ ስመልስ፦ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ወንድሜ ወስዶ አስረከባቸው። ወንድሜ ስልክ ጠጋኝ ነው። ድርጅቱ ፊልሞቹን ወደ መተግበሪያው እንደሚገለብጥ ነግሮት ነበር። እኔ ሥራ ውዬ ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነበር። “ማን ነው ዛሬ ዲስክ የሚያይ?” አለኝ። “እቤት ተቀምጠው አቧራ ከሚበላቸው ዓለም ይያቸው።” “ይመለሳሉ?” አልኩት። “ይመለሳሉ አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ደግሞ!” አለኝ። የፈረመው ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን ድርጅቱ ሲጨርስ እንዳመቸው ያስወግዳል የሚል ነው። ወንድሜ አላነበበውም። ስልክ ሲጠግን ብሎን እንኳ በቁጥር የሚያስቀምጥ ሰው ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል።

እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ይመዝገብልኝ። ፊልሞቹ መተግበሪያው ላይ በእናቴ ድምፅ ሲወጡ ደስ አለኝ። እያንዳንዱ ፊልም ሥር ሁለት ቁልፍ ነበር፤ አንዱ “ተከራይ”፣ ሌላው “ግዛ”። ሠላሳ አራቱንም “ግዛ” የሚለውን ተጫንኩ። “የእኔ ፊልሞች” በሚል ርዕስ ሥር ተደረደሩልኝ። የእኔ የሚል ቃል ስላነበብኩ የእኔ መሰሉኝ። ለስምንት ወር እናቴ በየቀኑ እየከፈተች ራሷን ስታዳምጥ፣ በደብተሯም “እዚህ ጋ ተጣድፌያለሁ”፣ “ሽፍታው ጥሩ ወጥቷል” እያለች ስትጽፍ ቆይታለች። አንዱ ቀልደኛ ፊልም ላይ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ሲጣሉ፣ እናቴ ትርጉሙን ማንበብ አቅቷት ሳቋ ያመልጣታል። በወቅቱ ደግማ መቅዳት ስለሰለቻት ሳቁን እንዳለ ትታዋለች። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ያንን ቦታ መልሳ መላልሳ ታይ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ ከሳሎን የማንም ያልሆነ ድምፅ ሰማሁ። ስልክ ስንደውል “እባክዎ ይጠብቁ” የሚለን ዓይነት ነው። ሙሽራዋም፣ ሽፍታውም፣ ሽማግሌውም በአንድ ልሳን ይናገራሉ። ሳሎን ስገባ እናቴ የርቀት መቆጣጠሪያውን በእጇ እንደያዘች ነበረች። ደብተሯ ላይ “ቴሌቪዥኑ ነው የተበላሸው?” ብላ ጻፈች። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሠላሳ አራቱም በኮምፒውተር ድምፅ ተተክተዋል። ስለ ሳቁ ተጠይቄ፦ በሳቁ ቦታ ዝምታ አለ።

በዚያው ቀን ስደውል ስልክ ያነሳችው ሠራተኛ “ተሻሽሎ ነው፣ እመቤት” አለችኝ። “የገዛሁትን ነው የቀየራችሁት” አልኳት። “የገዙት የማየት ፈቃድ ነው፤ ደንባችን ላይ አለ” አለች። እሑድ ቁጭ ብዬ ደንቡን አነበብኩ። አርባ አንድ ገጽ ነው። ልክ ናት፤ ገጽ ሃያ ሦስት ላይ አለ። ሰው ቤት ገብቶ የገዛውን ወንበር ቆርጦ በርጩማ አድርጎ የሚሄድ አናጺ ቢኖር እናንተው ትይዙት ነበር። እዚህ ግን አናጺው ደንብ አለው።

ዛሬ ጠዋት ከክሊኒኩ ፈቃድ ወስጄ 3፡40 ላይ ቢሮው ደረስኩ። የይዘት ኃላፊው በመስታወት በተከለለች ክፍሉ ተቀብሎ አነጋገረኝ። “የእናትዎን አስተዋፅኦ በጣም እናከብራለን” አለ። አሮጌው ድምፅ የት እንዳለ ጠየቅኩት። “ተተክቷል” አለኝ። “ቅጂውስ?” “ምን ያደርግልናል? ቦታ ይይዛል።” “እሺ፣ ዲስኮቹስ?” “እነሱ ዛሬ ይወገዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ መኪና ይመጣል።” እንዲመልስልኝ ጠየቅኩት። ወንድሜ ፈርሞ ስላስረከበ ያለ ሕግ ክፍል እንደማይችል ነገረኝ። የሕግ ክፍሉ መቼ እንደሚገኝ ስጠይቀው “ሐሙስ” አለ። “መኪናው ዛሬ ነው የሚመጣው አላሉኝም?” አልኩት። “አዎ፣ እሱ እንግዲህ ሌላ ክፍል ነው” አለኝ። ፈገግ እያለ ነው ያለው።

ስወጣ ካርቶኑን ኮሪደሩ ላይ አየሁት፤ ከማተሚያ ማሽኑ ጎን፣ ከተሰባበሩ የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳዎች ጋር። በወፍራም ቀለም “ይወገድ” ተብሎበታል። አነሳሁት። ኃላፊው ተከትሎኝ ወጥቶ ኖሮ ከላይ ያለውን ዲስክ መንጥቆ ከሽፋኑ አወጣና በሁለት እጁ ሰበረው። “ይኸው! ፕላስቲክ ነው! የተማርሽ ሴት ነሽ፣ በፕላስቲክ ትጣያለሽ?” አለኝ።

የተሰበረው ፊልም እናቴ ራሷ “የቀሽም ቀሽም” የምትለው ነው። ቢሆንም አንድ ወር ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተንበርክካ የሠራችው ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ኃላፊውን “እርስዎ” እለው ነበር። “ሁለተኛውን ንካና እጅህን ፈልገህ ታጣዋለህ!” አልኩት። ይህ ማስፈራራት ነው ከተባለ፣ ማስፈራራት ነው፤ አልክድም። መታችኝ ያለው ግን ሐሰት ነው። እጄ በካርቶን ተይዞ ነበር፤ ባይያዝ ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ኃላፊው ጥበቃውን ጠራ። እኔ ካርቶኑን ታቅፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጥበቃው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አጠገቤ ቆመው “ተነሺ የኔ ልጅ፣ ፖሊስ አታስጠሪኝ” አሉኝ። “ይጠሩ፣ አባባ” አልኳቸው። “አታውቂያቸውም! ፖሊስ ከመጣ ዕቃው ኤግዚቢት ነው የሚባለው። ከዚያ ለአንቺም አይሆን፣ ለእነሱም አይሆን። የእኔ ብስክሌት ኤግዚቢት ከተባለች ሦስት ዓመቷ ነው። የሰረቃት ልጅ ታስሮ፣ ተፈትቶ፣ አግብቶ ወልዷል። እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታችም!” አሉ። “ማንም አይነካትም?” ብዬ ጠየቅኳቸው። “ማን አባቱ ይነካታል! ማኅተም አለባት። እኔ ባለቤቷ እንኳ በመስኮት ነው የምጠይቃት” አሉኝ።

ይህን እንደሰማሁ ስልኬን አውጥቼ ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ራሴ ለፖሊስ ደወልኩ። በዚህ ሕንፃ ስርቆት እየተፈጸመ ነው አልኩ። ስልኩን ያነሳው ፖሊስ “ሌባው አሁን የት ነው ያለው?” አለኝ። “ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ሌባዋ እኔ ነኝ” አልኩት። “እህት፣ መስመሩን ለቁም ነገር ተይልን” ብሎ ዘጋብኝ። ሁለተኛ ደውዬ አድራሻውን ደገምኩለት። 4፡55 ላይ ሁለት ፖሊሶች ደረሱ። ካርቶኑን ያስረከብኩት ለእነሱ እንጂ ለድርጅቱ አይደለም።

ከቀኑ 7፡30 ላይ ወንድሜ እናቴን ይዞ እዚህ ጣቢያ መጣ። ከድርጅቱ የተሰጠው የስምምነት ወረቀት በእጁ ነበር። ወረቀቱ ላይ እንደሰፈረው ድርጅቱ አቤቱታውን ያነሳል፤ እኔ ደግሞ ዲስኮቹ የድርጅቱ መሆናቸውን አምኜ እንዲመለሱለት እፈርማለሁ። ወንድሜ “አንቺ ልጅ፣ ቅጣት ካለብሽ የሙያ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል! አምስት ዓመት የተማርሽበትን በፕላስቲክ ልትለውጪ ነው?” አለኝ። “ሰባሪውም ያለው ይህንኑ ነው” አልኩት። ወንድሜ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ “እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው” አለ። ለእሷ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ይቅር ግን አላልኩትም፤ ይህም ይመዝገብ።

እናቴ ወረቀቱን ከወንድሜ እጅ ወስዳ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከመርማሪው ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ አንስታ ጀርባው ላይ ጻፈች። የጻፈችው “አትፈርሚ። ከታሰርሽ በየቀኑ እመጣለሁ፤ ድሮም ሥራ የለኝም” የሚል ነው። ወረቀቱ ከዚህ ቃል ጋር እንዲያያዝ ጠይቄያለሁ።

በመሆኑም ስምምነቱን አልቀበልም። ዲስኮቹን አውቄ፣ አስቤ፣ በጠራራ ፀሐይ ወስጃለሁ፤ እንድከሰስም እጠይቃለሁ። ሥራዬ ናሙና ማሸግና ምልክት ማድረግ ስለሆነ፣ ሠላሳ ሦስቱ ያልተሰበሩና አንዱ ለሁለት የተሰበረው ዲስክ በፊቴ ተቆጥረው፣ በየሽፋናቸው ቆመው፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ እንዲታሸጉ አመለክታለሁ። ድርጅቱ ነገ ብልጠት ገብቶት አቤቱታውን ቢያነሳ፣ ኃላፊው ዲስክ ስለ መስበሩ በእኔ አመልካችነት ሌላ መዝገብ ይከፈትልኝ። ማስረጃዬም እነዚሁ ሠላሳ አራት ዲስኮች ናቸው፤ እንዳይመለሱለት።

ችሎት ስቀርብ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዳኛው ስለ ንብረቱ ምንነት ከመወሰናቸው በፊት አንዱን ዲስክ አስከፍተው ይስሙ። ፕላስቲክ መሆን አለመሆኑን ከዚያ በኋላ ይወስኑ። ፍርድ ቤቱ ማጫወቻ ከሌለው የእኛን ተሸክሜ እመጣለሁ፤ እናቴም ትቀመጣለች።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ። “ሌባዋ እኔ ነኝ” የሚለው ይሰረዝልሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ እንዳይነካ ብያለሁ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ የቀነስኩት ስድብ ብቻ ነው።

ቃል ሰጪ፦ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ መርማሪ፦ (ፊርማ)
ታዛቢ፣ የቃል ሰጪዋ እናት፦ (ፊርማ)
ኤግዚቢት ተረካቢ፦ ሠላሳ ሦስት ያልተሰበሩ ዲስኮች፣ አንድ ለሁለት የተሰበረ፤ ከቀኑ 10፡05 ታሽጓል (ፊርማና ማኅተም)