ወደ ጉድጓዱ ውረድ ወይስ ወደ ቤት ተመለስ

በእኛ ጊዜ ጂን ራሱ ነበር የሚመጣው። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ፣ መጽሐፍ ቤት ገብቶ፣ «አንድ የሚያስፈራ ስጡኝ» ብሎ ጂን ገዝቶ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። ሳቂ እንጂ ሰሚራ፣ ምን ታፍሪያለሽ፣ ስልኩ ይቅዳው፤ እኔ እንደሆነ ያየሁትን ነው የማወራ። ቅድም ልጅሽ የሙት መንፈስ ታሪክ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስታዳምጥ አንቺ «ትታመምብኛለች» ብለሽ ስትቆጪያት ሰምቼ ነው ይሄ ነገር ትዝ ያለኝ። ተቀመጪ እስቲ ላጫውትሽ።

እኔ ታዲያ ያኔ አቡ ዳቢ ነበርኩ፣ አል ኻሊዲያ። ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ ነው የሄድኩት። ቤቱ ትልቅ ነው፣ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። ባባ አለ፣ የቤቱ ጌታ፣ ካፊሌም እሱ ነው፣ በስሙ ነው የገባሁት። ማዳም አለች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ደህና ሰው ናት፣ ግን «ሰው ምን ይለኛል» የሚባል በሽታ ነበረባት። እና ኑራ አለች፣ ልጃቸው። ኑራን የተረከብኳት ገና አፏን ስትፈታ ነው፤ አጥቤ፣ አጉርሼ፣ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። እየሰማሽኝ ነው? እሺ።

ታዲያ ኑራ ከፍ ብላ ማንበብ ስትችል፣ ባባ አንድ ቀን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሽፋኑን ሳየው ከጉድጓድ ውስጥ እጅ ወጥቷል። ጥፍሩ ጥቁር፣ ጣቱ ረጅም፣ ሰውየው የለም፣ እጁ ብቻ! «ባባ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኩት። «ትምህርት ነው» አለኝ። «አስተማሪዋ ናት የመከረችኝ፣ እንግሊዝኛዋ ይሻሻላል።» እሺ፣ ትምህርት ነው። እኔ ምን አገባኝ።

እና ይሄ መጽሐፍ እንደሌላው መጽሐፍ እንዳይመስልሽ። ትንሽ ያስኬድሽና ቆም ብሎ ይጠይቅሻል። አንድ ልጅ አለ፣ አርፎ የማይቀመጥ፣ አያቱ ቤት ሄዶ ጓሮ ውስጥ የተከደነ ጉድጓድ ያገኛል። ይሄኔ መጽሐፉ «ክዳኑን ከፍተህ ልትወርድ ነው? እዚህ ገጽ ላይ ሂድ። ወደ ቤት ልትመለስ ነው? እዚያ ገጽ ላይ ሂድ» ይላል። ኑራ በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ ለእኔ በአረብኛ ትነግረኛለች፣ ከዚያ ምርጫውን ለእኔ ትሰጠኛለች።

«ከድጃ፣ ወደ ጉድጓዱ ይውረድ ወይስ ወደ ቤት ይመለስ?»

«ወደ ቤት ይመለስ!» አልኳት፣ ምን ጥያቄ አለው።

ገለጠች፣ ገለጠችና ፊቷ ጥቁር አለ። «ልጁ ወደ ቤት ተመለሰ፣ እራቱን በላ፣ ተኛ። አለቀ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ እኔ።

«ምን አልሐምዱሊላህ ትያለሽ! አንቺ ታሪክ ታበላሻለሽ!»

«ልጁን አዳንኩት እንጂ ምን አበላሸሁ? እናቱ ብትኖር ትመርቀኝ ነበር።»

በማግስቱም ያው ነው። ይውረድ ወይስ ይመለስ? ይመለስ! እራቱን በላ፣ ተኛ፣ አለቀ። እኔ ምን ላድርግ ሰሚራ፣ ሰው ቤት ተቀጥሮ የኖረ ሰው የተዘጋ በር ሲያይ አይከፍትም፤ ከከፈተም ለመወልወል ነው። ኑራ ግን ልታለቅስ ደረሰች፣ እና «እሺ ክዳኑን ብቻ ያንሳና አየት ያድርግ» አልኳት። ይሄ ነው የኔ ጥፋት፣ አየት ያድርግ ማለቴ። አየት ሲያደርግ ከታች በስሙ ይጠሩታል! ወላሂ፣ በስሙ! ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ «ኑራ፣ የቤት ሥራሽን ጨረስሽ? ነይ እስቲ ያንን ልጅ እንየው» የምል ሆንኩ። አንድ ቀን በዚያ ልጅ ምክንያት ሩዙ እስኪያር ድረስ ረሳሁት።

ግን ልንገርሽ፣ የእንግሊዝ ጂን አያያዙን አያውቅም። ሁልጊዜ በሌሊት ነው የሚመጣ። «ኑራ፣ ሌሊት መጥቶ ማንን ሊያገኝ ነው? ሰው ተኝቶ የለም እንዴ? የኛ አገር ጂን በቀትር ነው የሚወጣ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ወንዝ ዳር» አልኳት። ደሞ የኛው ሲይዝሽ ይጠይቅሻል፣ ሽቶ ይላል፣ ቀለበት ይላል፣ ቀይ ጫማ ይላል፣ ትሰጪዋለሽ፣ ይሄዳል። የእንግሊዙ ምንም አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይጮሃል። ሥራ ፈት! ኑራ በዚህ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ መልሳ ትፈራለች፣ ስትፈራ ደግሞ ጭኔ ላይ ትወጣለች።

ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ በአል መቅጣዕ ድልድይ እንሻገርና አል ዐይን እንሄዳለን። የባባ እናት እዚያ ናቸው፣ አል ቃጣራ። ሐጃ ነው የምንላቸው። አሮጌ ቤት፣ ዙሪያው ተምር፣ እና ጓሮው ውስጥ ምን አለ? እንዴ፣ ገመትሽው! የተከደነ ጉድጓድ። ሁሌም የነበረ ጉድጓድ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም። ያን ዕለት የኑራ አክስቶች ሁሉ ለጥየቃ መጥተው ሳሎን ሞልተዋል፣ ሐጃ «ኑራ፣ ሂጂና ከጓሮ ተምር አምጪ» አሏት። ሄደች። ትንሽ ቆይታ አንድ ጩኸት ለቀቀች፣ ሮጣ መጥታ ዘው አለች፣ የእንግዶቹን ትሪ በአፍጢሙ ደፋችው፣ እና መጥታ እኔ ላይ ተለጠፈች።

አንደኛዋ አክስት ወዲያው «ልጅቷን ጂን ነክቷታል» አለች። ሌላዋ ወደ እኔ አየችና «ሐበሻዋ ናት፣ እነሱ ሲያወሩ የሚውሉት የጂን ነገር ነው» አለች። ማዳም ከሰው ፊት ተዋርዳ ቲማቲም መሰለች።

«ኑራ፣ ማን ነው ያስፈራራሽ? ከድጃ ናት?»

ኑራ እኔን አየችኝ፣ እናቷን አየች፣ ዝም አለች። ዝም! መጽሐፏን እንዳይወስዱባት ነዋ! አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ በአንድ ጥፍረ ጥቁር እጅ ለወጠችኝ!

«ማዳም፣ መጽሐፉ ነው» አልኩ። ባባ ሳቀ። «መጽሐፍ እንዴት ያስፈራል? እኔ ነኝ የገዛሁት። ሽፋኑ ላይ ለልጆች ይላል፣ የታተመው ለንደን ነው» አለ። አየሽ፣ ያው ጂን ነው፣ ከኔ አፍ ሲወጣ ኋላቀርነት፣ ለንደን ታትሞ ሲመጣ ትምህርት።

ማዳም ወደ ማጀት ጠራችኝና «ኸላስ ከድጃ፣ በቃ። ልጄን በጂን የምታሳድግ ሴት አልፈልግም። ወሩ ሲያልቅ ትኬትሽ ይቆረጣል» አለችኝ። እናንተን የእህቴን ልጆች የማስተምረው በዚያ ደመወዝ ነው፣ አንቺ ራስሽ ያኔ ደብተር ይዘሽ ትምህርት ቤት የምትሄጂው በዚያ ነው። እሱም ይሁን፣ ግን ኑራን ትቼ ስሄድ ታየኝ። ማን ጭን ላይ ትወጣለች?

በማግስቱ ጁምዓ ነው። ወንዶቹ መስጊድ ሄደዋል፣ ሐጃ ክፍላቸው ውስጥ ናቸው፣ ኑራ ተኝታለች፣ መጋረጃው ሁሉ ወርዷል፣ ኤሲው ብቻ ያጉረመርማል። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቀትር! እና ማዳም መጽሐፉን ከኑራ ቦርሳ አውጥታ ይዛ መጣች። «ነይ ቁጭ በይ። ራሴ አነብልሻለሁ፣ ምንም እንደሌለበት በዓይንሽ ታያለሽ» አለችኝ። እሷ ሶፋ ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን።

ጀመረች። ጉድጓዱ ጋ ደረሰች። «ይውረድ ወይስ ይመለስ?»

«ማዳም፣ ብትመልሺው ይሻላል።»

«ዝም በይ። እኔ ፈሪ አይደለሁም። ይውረድ።»

አወረደችው። መሰላል አለ፣ አወረደችው። በር አለ፣ አስከፈተችው። «ማዳም ይመለስ!» «አይመለስም!» ሌላ በር፣ እሱንም ከፈተች። ታዲያ እያነበበች ድምጿ እየወረደ መጣ፣ እና ሳላውቅ ከሶፋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ሆናለች። ትንሽ ቆይታ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው። ትንሽ ቆይታ እጅጌዬን ያዘች። እኔም እንዳትስቂብኝ፣ እኔም ብርድ ብርድ ብሎኝ ነበር። እና ልጁ የመጨረሻውን በር ሊነካ ሲል፣ ከጓሮ በኩል ጓ! ጓጓጓጓ!

ለካ አትክልተኛው ነው፣ ተምሩን ውኃ ሊያጠጣ ሞተሩን አስነስቶ። ይሄን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። ማዳም «ያ ኡሚ!» ብላ እናቷን እየጠራች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ እኔ «ቢስሚላህ! ቢስሚላህ!» እያልኩ እሷ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ማን ማንን እንደያዘ አላህ ይወቀው። እና ይሄን ጊዜ የበሩ መጋረጃ ተነቃነቀ። እጅ ወጣ። ጣቱ ረጅም፣ ጥፍሩ ጥቁር፣ እጅ ብቻ!

ኧረ የጮህነው ጩኸት!

ሐጃ ናቸው። ሒናቸው ነው፣ ለጁምዓ ሒና ተቀብተው ጥፍራቸው ጠቁሯል። መጋረጃውን ገልጠው ቆመው አዩን፣ ምራታቸው ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው ሠራተኛዋ ጭን ላይ ቁጭ ብላለች። «ምነው ልጆቼ፣ ጂን አያችሁ?» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁ።

በኋላቸው ኑራ ዓይኗን እያሻሸች መጣች። መጽሐፉን አየች፣ እናቷን አየች። «ማማ፣ ኢትስ ኦንሊ ኤ ስቶሪ» አለቻት። ታሪክ ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው።

«ትናንት ያስጮኸሽ ይሄ ነው?» አለች ማዳም። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ትወስዱብኛላችኋ።»

«የሚያስፈራሽን ነገር ምን ያደርግልሻል?»

ኑራ እንደ ሞኝ ነው ያየቻት። «መፍራቱ እኮ ነው ደስ የሚለው። ስፈራ ከድጃ ትይዘኛለች።»

ማዳም ዝቅ ብላ አየች። እጇ አሁንም የኔን እጅጌ ጨብጧል። አየችው፣ ግን አልለቀቀችውም። እኔም እንባዬ መጣ።

ማታ ወደ አቡ ዳቢ ስንመለስ፣ መቅጣዕ ጋ ስንደርስ ባባ «የከድጃን ትኬት መቼ ልቁረጥ?» አለ። ማዳም በመስኮት እያየች «የምን ትኬት?» አለች። «ይልቅ መጽሐፍ ቤቱ ሳይዘጋ እንድረስ። ሁለተኛውን ክፍል እንግዛ። ለኑራ እንግሊዝኛ ነው።» ባባ «ኢንሻአላህ» አለ። እኔና ኑራ ከኋላ ተያየን።

ከዚያ በኋላማ ቀትር በመጣ ቁጥር ሦስታችን ነን። ማዳም ሁሌ ትከፍታለች፣ እኔ ሁሌ «ይመለስ» እላለሁ፣ ኑራ ትፈርዳለች። ደሞ እንግዶች ሲመጡ ማዳም እግሯን አነባብራ «ይሄ የልጆችን አእምሮ የሚያሰፋ ነገር ነው» ትላቸዋለች። ያቺ «ሐበሻዋ ናት» ያለችው አክስት አንዱን መጽሐፍ «ለልጄ» ብላ ወሰደች፣ ልጇ ገና ዳዴ ነው የሚል!

ታዲያ ዓመታት ሄዱ፣ ኑራም ቁመቷ በለጠኝ፣ እናቴም ታመመች። ማዳም አስቀምጣ ጠየቀችኝ፣ በደግ ነው፣ «ከድጃ፣ ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ላሳድስልሽ ወይስ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ?» አለችኝ። «እመለሳለሁ» አልኳት። ኤርፖርት ድረስ ሸኙኝ። ኑራ አንገቴን ይዛ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ እና ጆሮዬ ላይ ምን አለችኝ መሰለሽ?

«አውቄው ነበር። አንቺ ሁሌ ‹ወደ ቤት ይመለስ› ነው። ታሪክ ታበላሻለሽ።»

እንደዚያ ብላ ደግሞ ሳቀች፣ ከነእንባዋ። እኔ አውሮፕላን ውስጥ እስክገባ አልቅሼያለሁ። ይኸውልሽ፣ ልጅሽን ተያት ታዳምጥ። ስትፈራ ብቻ አጠገቧ ሁኚ።

ምን አልሽኝ ሰሚራ? «ከመጨረሻው በር ጀርባ ምን ነበር?»

እኔ ምን አውቄ! ሞተሩ ጮኸ፣ ሐጃ መጡ፣ ማዳም በድንጋጤ ገጹን ቀደደችው። እኔን ካልሽኝ ያ ልጅ እራቱን በልቶ ተኝቷል። ሃ ሃ ሃ! በይ ስልኩን ዝጊው፣ ቀትርም እየደረሰ ነው።