ነፍሱን ያጣው የፋጡማ ጌም

አቦ ስሙኝማ! በደርግ ጊዜ ከዚራ ሰፈር ሬዲዮ ስጠግን፣ አንድ ፊናንስ፣ ኮንትሮባንድ የሚይዝ የጉምሩክ ዘበኛ፣ ከጅቡቲ ባቡር ላይ የወረሰውን የቲቪ ጌም ይዞ ከች አለ። «የጨዋታውን ካሴት አላነብ ብሏል፤ እስቲ እየው» አለኝ። ጌሙ የጎረቤቴ የፋጡማ ነው፤ ጠዋት «ንብረቴን ወረሱኝ» ብላ ስታለቅስ ነበር። ካሴቱን ብፈታው ባዶ ቀፎ! ቀና ስል ፋጡማ ከመንገዱ ማዶ ቆማ፣ ደረቷን መታ መታ አድርጋ ጠቀሰችኝ። ገባኝ።

«አለቃ፣ ይሄ ሞቷል። ለልጆችህ ኳስ ግዛላቸው» አልኩት። «እንግዲያው ጣለው!» ብሎ ተናዶ ወጣ። ፋጡማ እየሳቀች ገባች፤ ባቡር ላይ ሳይወርሷት በፊት ፈታ ያወጣችውን የካሴቱን ሆድ ዕቃ በመሐረብ እንደጠቀለለችው ከጉያዋ አወጣች። መልሼ ስገጥመው ወዲያው አነበበ። «አንቺ፣ ውሸታም አደረግሽኝ እኮ!» ብላት፣ «ወላሂ አልዋሸህም! ሞቶ ነበራ፤ ነፍሱ እኔ ጋ ነበረች» አለችኝ።