የአቶ ማቴዎስ ንጹሕ ግቢ

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ በበጋው፣ አቶ ማቴዎስ ዛፍ ቆራጮች ሊያነጋግሩ መናኸሪያ ወርደው ሳለ ሩሀማን ከወንዶ ገነት አውቶቡስ ስትወርድ አገኟት። ሩሀማ የሟች ባለቤታቸው የእህት ልጅ ስትሆን የምትማረውም የደን ትምህርት ነው። ጓሮ ያሉት ዋንዛዎች ከጫፋቸው እየደረቁ ስለሆነ ነገ ሊያስቆርጧቸው መሆኑን ነገሯት። እሷም ሳላያቸው አይሆንም ብላ አብራቸው አዲስ ከተማ ወዳለው ቤታቸው መጣች።

እውነቱን ለመናገር፣ በሰፈሩ የእሳቸውን ያህል የጸዳ ግቢ አልነበረም። ማለዳ ማለዳ ከዛፎቹ ሥር የረገፈውን ቅጠል ሙልጭ አድርገው ጠርገው ያቃጥላሉ። ሩሀማ አካፋ ተቀብላ ከዋንዛው ሥር ብትቆፍር፣ አፈሩ የነጣና ድርቅ ያለ ሆነ። መጥረጊያ ከማይደርስበት ከአጥሩ ጥግ ስትቆፍር ግን ጥቁርና እርጥብ አፈር ወጣ።

«ጋሼ፣ ዛፎቹ በሽታ የለባቸውም። ምግባቸውን እያቃጠሉባቸው ነው» አለች። «ቅጠሉ ሲበሰብስ ካርቦኑ አፈር ውስጥ ይገባል፤ አፈሩ ውሃ የሚይዘውም በእሱ ነው። ሲቃጠል ግን ጋዝ ሆኖ ባንዴ ይበናል። አየሩን የሚያሞቀውም ይኸው ጋዝ ነው።»

አቶ ማቴዎስ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። የሚበሰብስ ነገርም ጋዝ ያወጣል፣ ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው ብለው ሞገቷት።

«ልክ ነዎት፣ አፈርም ይተነፍሳል። ቅጠሉን የሚበሉት ደቃቅ ነፍሳት አብዛኛውን ወደ አየር ይመልሱታል። ግን ቀስ እያሉ ነው፤ የተረፈውም አፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ይቀመጣል። የደን አፈር ብዙ ጊዜ ከግንዱ የማያንስ ካርቦን ያከማቻል። ዛፉ ተቆርጦ መሬቱ ሲታረስ ያ ክምችት ይወጣል።»

«ግቢዬ ቆሽሾ ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ቅጠል ቆሻሻ አይደለም፣ ጋሼ። ፌስታሉን ይልቀሙ፣ ቅጠሉን ይተዉት።»

አዛውንቱ ጥቁሩን አፈር በጣታቸው ፈረፈሩት። ዋንዛዎቹን የተከለቻቸው ባለቤታቸው ሮማን ነበረች።

«ለእሷ ክብር ብዬ ነበር እኮ የምጠርገው» አሉ። «ለካ ዛፎቿን በገዛ እጄ ምግባቸውን ስነፍጋቸው ኖሬያለሁ።» እንባቸውም መጣ።

በማግስቱ የመጡት ቆራጮች ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ክረምቱ ሲያልፍ አንዱ ዋንዛ አልዳነም፤ የቀሩት ግን ቀንበጥ አወጡ። አፈሩ ዝናቡን ይዞ በመቆየቱ ጓሮው በበጋም አልተሰነጠቀም፤ ሰፈሩን ያፍን የነበረው የማለዳ ጭስም ቀረ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጽጌሬዳ ግን የቅጠሉን ክምር አይተው ተጨነቁ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው አመመዎት እንዴ፣ ግቢውንስ የሚጠርግ ሰው ልላክልዎ ወይ ሲሉ ጠየቁ።

«ደህና ነኝ» አሉ አቶ ማቴዎስ። «ሮማን የተከለችውን እያበላሁ ነው።»