ከእንጨት ልብ የተሠራ መሰላል

ሽማግሌው አናጢ ከሱቃቸው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት በዋናው መንገድ ነበር። በመንገዱ ዳር የሚኖር አንድ ቀለም ቀቢ እሳቸው ከሠሩት መሰላል ላይ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ግን በደጁ ማለፍ ከበዳቸውና በጓሮው ቅያስ ይዞሩ ጀመር። አንድ ቀን በዚያው ቅያስ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቷ የእንጨት ሥራ ትምህርት በኮሌጅ ጨርሳ በቅርቡ ተመልሳ በሱቃቸው የምትሠራ ናት።

«ከየት ነው ልጄ?»

«ቀለም ቀቢውን ጠይቄ መምጣቴ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ መቅረትዎን አነሣብኝ።»

አናጢው አቀረቀሩ። መሰላሉ የተሰበረ ዕለት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «መሰላሉ ምን ያድርግ? የወጣበት እኮ በሬ ነው» ብለው አስቀውበታል። ሰውየው ወድቆ ሳለ ሳቁን ሰምቷል።

«ምን ብዬ ልጠይቀው?» አሉ። «እንጨቱ እንከን የለበትም። ከጥዱ መካከል፣ ከልቡ ነው ያወጣሁት። አባቴም ልቡን ምረጥ ነበር የሚለኝ።»

ልጅቷ አመነታች። «ካልተቆጡኝ፣ ጥፋቱ እዚያው ልቡ ላይ ነው።»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!»

«ሱቅ ድረስ ይመለሱና ላሳይዎት። ውሸት ከሆነ ያኔ ይቆጡኛል።»

ተመለሱ። ከመሰላሉ ከተረፈው ጣውላ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ዘንጎች ሰነጠቀች፤ አንዱን ከመካከሉ፣ ሌላውን ከቅርፊቱ በኩል። «ጉልበትዎ ላይ አድርገው ይስበሯቸው» አለች። የመካከሉ እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ። የዳሩ ግን ጎበጠ፣ ተንጣጣ፣ ረጃጅም ስንጥር እያወጣ በስንት መከራ ተለያየ። አናጢው አላመኑም፤ ራሳቸው ሌላ ሰንጥቀው ሞከሩ። ያው ሆነ።

«ከአንድ ዛፍ?»

«ከአንድ ዛፍ፣ ጋሼ። የጥድ እንጨት በዓይን የማይለዩ የቀጫጭን ቱቦዎች እስር ነው፤ ሕዋስ እንላቸዋለን። ዛፉ በልጅነቱ የሚሠራቸው አጫጭርና ስስ ናቸው፤ በግድግዳቸው ውስጥ ያለው ክርም ተጋድሞ የተጠመጠመ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ወደ ቅርፊቱ የሚጨምራቸው እየረዘሙ፣ እየወፈሩ፣ ክራቸውም ሽቅብ እየቀና ይሄዳል። መካከሉ የዛፉ ልጅነት ነው። ይሰበራል፤ ሲደርቅም ይጣመማል።»

«ታዲያ አባቴ ዋሸኝ?»

«አልዋሹም። ያኔ የሚቆረጠው ያረጀ የደን ዛፍ ነበር፤ ልጅነቱ መካከሉ ላይ ትንሽ ነው፤ ልብ የሚሉትም ከሱ ቀጥሎ ወደ ውጭ ያለውን የበሰለውን ነበር። ዛሬ የሚመጣልን ተተክሎ ቶሎ የደረሰ፣ ቀለበቱ ሰፋፊ ዛፍ ነው። አብዛኛው ገና ልጅ ነው። የዛፉ ጫፍማ እስከ ቅርፊቱ ድረስ ልጅ ነው።»

አናጢው ስባሪዎቹን ሲያገላብጡ ቆዩና «መሰላሉን ስሠራ እዚህ ነበርሽ» አሉ ቀስ ብለው።

«ነበርኩ። እንጨቱንም አይቼዋለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንድ ደንበኛ የተጣመመ በር መልሶ ሲያመጣ ጥፋቱ ከእንጨቱ ነው ያልኩ ጊዜ፣ በሰውየው ፊት ‹ወረቀት ተሸክመሽ እንጨት አወቅሁ ትያለሽ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፈራሁ። ዛሬ እዚያ ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። እርስዎ ያጠፉት ሳያውቁ ነው፤ እኔ ግን አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ሽማግሌው ስባሪዎቹን አስቀመጡ። ቀለም ቀቢውን በሳቅ፣ እሷን በቁጣ አፍ እንዳስያዙ ገባቸው። ዝምታዋን አክብሮት ብለው ሲኮሩበት ከርመዋል፤ እንዲህ ያለው አክብሮት ግን የሰው እግር አስከፈለ።

በዋናው መንገድ አብረው ሄዱ። የቀለም ቀቢው ቤት በጠያቂ ተሞልቷል፤ የዚያን ዕለት የሳቁትም አሉበት። አናጢው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«መሰላሉ የተሰበረው ከእንጨቱ የተነሣ ነው። የመረጥኩትም እኔ ነኝ። በሬ ያልኩህ ጥፋቴ እንዳይታይብኝ ነው።»

ልጅቷም እያወቀች ዝም ማለቷን ተናገረች። ቀለም ቀቢው ጀሶ የለበሰውን እግሩን ዳሰሰ።

«እግሩስ ይድናል» አለ። «ሳቁ ነበር እንቅልፍ የነሣኝ። ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲህ በሱቁ ውስጥ ሸክም የሚችለው ሁሉ፣ መሰላሉም የጣሪያ ወራጁም፣ ከበሰለው ከዳሩ ይሠራል፤ መካከሉ ለዕቃ ሳጥን ይውላል። የተጣመመ በር ይዞ የሚመለስ ደንበኛ ቀነሰ፤ የሚጣለውም እንጨት አነሰ። አናጢው ጣውላ ሳይቆርጡ በፊት «እስቲ ነይ እዪልኝ» ይላሉ። ደንበኛ ካለ ድምፃቸው ዛሬም ዝቅ ይላል፤ ግን ይላሉ።